የሞተር መጋዝ ፒስተን በአምባሰል ከፍታ፦ ቅይጡ፣ ልባጡና ጠባቧ ክፍተት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥል እ.ኤ.አ. በ1889 በተፈረመው ውል ስሟ የታወቀውን ውጫሌን ያገኛል፤ በስተምዕራብ በኩል ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚዘልቁት የአምባሰል ተራሮች ቆመው ይታያሉ። በእነዚህ ተራሮች ጎንና ግርጌ፣ እንደ አብዛኛው የወሎ ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ ባሕር ዛፍ የገበሬው የቁጠባ ሣጥን ነው። ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ዛሬ ለቤት ማገር፣ ለምሰሶ፣ ለጣውላና ለማገዶ ይውላል።

ይህን ዛፍ ቀድሞ በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ይጥሉት የነበረው ሰዎች አሁን በሞተር መጋዝ መጠቀም ጀምረዋል። የሞተር መጋዝ ሥራን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሞተሩ በድንገት ነክሶ ሲቆም የባለቤቱ ገቢ አብሮ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ፒስተኑ ፎርጅድ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ ፍርዱ ትክክል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ፒስተኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የተበደለው በነዳጁ፣ በዘይቱና በአካባቢው አየር ነው። በዚህ ጽሑፍ ፒስተን ከምን እንደሚሠራ፣ ልባጥ የሚባለው ስስ ሽፋን ምን እንደሚያደርግ፣ እንዲሁም ከተራራ ወደ ሜዳ የሚወርድ መጋዝ ለምን ለአደጋ እንደሚጋለጥ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ፒስተኑ የሚሸከመው ምንድን ነው?

የሞተር መጋዝ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ነው። ኮሎው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ቃጠሎ ይካሄዳል። ለምሳሌ የሲሊንደሩ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ፤ ይዘቱ 51 ሲሲ ገደማ ይሆናል። ይህ ሞተር በደቂቃ 9,000 ዙር ሲዞር በየሰከንዱ 150 ቃጠሎዎች ይካሄዱበታል። ያለ ጭነት 13,000 ዙር ሲደርስ ደግሞ ፒስተኑ በየሰከንዱ ከ430 ጊዜ በላይ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ይህ አቅጣጫ መቀየር ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ በፊዚክስ ትምህርት በተማርነው ቀመር ማስላት ይቻላል። የኮሎው ሬዲየስ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማዕዘናዊ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,361 ራዲያን ነው። ሬዲየሱን በማዕዘናዊ ፍጥነቱ ካሬ ስናባዛ ሽምጠጣው በሰከንድ ካሬ 30,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከመሬት ስበት ሽምጠጣ 3,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ 40 ግራም ብቻ የሚመዝን ፒስተን ቢየላውን በ1,200 ኒውተን ይጎትተዋል። በሌላ አባባል፣ በመዳፍ የምትያዝ ቀላል ዕቃ የ120 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ትሆናለች ማለት ነው።

ለምን አሉሚንየም? ለምን ሲልከን?

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ፒስተን ቀልጦ ከተቀዳ ብረት፣ በጋራዥ ቋንቋ ከጊዛ፣ የተሠራ ነበር። የጊዛ እፍግታ 7.2፣ የአሉሚንየም ግን 2.7 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከላይ የጠቀስነው ፒስተን በዚያው ቅርጽ ከጊዛ ቢሠራ ኖሮ ቢየላውን የሚጎትትበት ኃይል ከ1,200 ወደ 3,200 ኒውተን ከፍ ባለ ነበር። ከዚህም ሌላ የአሉሚንየም ቅይጥ ሙቀትን ከጊዛ በሁለትና በሦስት እጥፍ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የፒስተኑ ራስ የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ ወደ ሲሊንደሩ ያሻግራል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዋልተር ኦወን ቤንትሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሉሚንየም ፒስተንን በውድድር መኪና ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤት ካገኘበት ጊዜ ወዲህ ጊዛ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቋል።

የሞተር መጋዝም ከዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ሆኗል። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው በቤንዚን የሚሠራ ዛፍ መጣያ 46 ኪሎ ግራም ይመዝን ስለ ነበር የሚያዘው በሁለት ሰው ነበር። ዛሬ 50 ሲሲ ያህል ይዘት ያለው መጋዝ ያለ ሰይፉና ያለ ሰንሰለቱ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ንጹሕ አሉሚንየም ለፒስተን አይሆንም። ለስላሳ ነው፤ በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከሁሉም በላይ በሙቀት በጣም ይሰፋል። አንድ ሜትር አሉሚንየም በ1 ዲግሪ ሙቀት 23 ማይክሮ ሜትር ሲረዝም ጊዛ ግን የሚረዝመው 11 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ችግሩን ያቃለለው ሲልከን ነው። 12 በመቶ ገደማ ሲልከን ሲጨመርበት የመስፋት መጠኑ ወደ 21፣ 18 በመቶ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 18.5 ማይክሮ ሜትር ይወርዳል።

የ12 በመቶው ቅይጥ በሳይንስ ልዩ ስፍራ አለው። አሉሚንየምና ሲልከን በዚህ መጠን ሲገናኙ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ማለትም በ577 ዲግሪ፣ አብረው ይቀልጣሉ፤ አብረውም ይረጋሉ። ሲልከኑ ከዚህ ሲበልጥ ትርፉ ከቅልጡ ቀድሞ እየተለየ ጠጣር ቅንጣት ይሆናል። ጠጣሮቹ ቅንጣቶች በለስላሳው አሉሚንየም መካከል እንደ ኮረት በአስፋልት ውስጥ ተዘርተው መጥፋትን ይቋቋማሉ። በሚቀልጥበት ጊዜ ጥቂት ፎስፎረስ ካልተጨመረበት ግን ቅንጣቶቹ ትልልቅና ስለታም ሆነው ያድጋሉ፤ ፒስተኑም ተሰባሪ ይሆናል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይህ የ18 በመቶ ቅይጥ ሲሆን፣ ጥቂት መዳብ፣ ኒኬልና ማግኒዚየም በግለት ጊዜ ጥንካሬውን እንዲጠብቅ ይጨመሩበታል። በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ፒስተን ከውጭ ሲታይ ከጥሩው አይለይም፤ ልዩነቱ ያለው በዚህ ውስጣዊ አሠራሩ ነው።

ልባጡ ያለው በማን ላይ ነው?

ፒስተኑ ከአሉሚንየም ከተሠራ፣ ሲሊንደሩም ለቀላልነትና ለማቀዝቀዝ ሲባል ከአሉሚንየም ከተሠራ፣ አንድ ከባድ ችግር ይፈጠራል። አሉሚንየም በአሉሚንየም ላይ ሲሰበቅ ዘይቱ ጥቂት በሳሳ ቁጥር ሁለቱ ገጾች ይጣበቃሉ፤ አንዱ ከሌላው ላይ እየቦጨቀ ይወስዳል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሌላ ልብስ መልበስ አለበት።

በመኪና ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ የጊዛ ካሚቻ ማስገባት የተለመደ ነው። ለመጋዝ ግን ካሚቻው ይከብዳል፤ ሙቀትም ያግዳል። በመሆኑም የመጋዝ ሲሊንደር ውስጡ በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ ልባጥ ይለበጣል። የቆየው ዘዴ የክሮምየም ልባጥ ነው። በጣም ጠጣር ቢሆንም ዘይት በገጹ ላይ አጥብቆ ስለማይዝ ረቂቅ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ተደርጎ ይዘጋጃል። ሁለተኛው ዘዴ የጀርመኑ ማህለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው ኒካሲል ነው። በዚህ ዘዴ የኒኬል ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ የሲልከን ካርባይድ ዱቄት ይበተናል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ኒኬሉ በሲሊንደሩ ገጽ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ማይክሮ ሜትር የሚለኩትን ቅንጣቶች አብሮ ይዞ ያርፋል። ሲልከን ካርባይድ የመሞረጃ ድንጋይ የሚሠራበት ቁስ መሆኑን ልብ ይሏል። የልባጡ ውፍረት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ጠጉር ያህል ነው። በመጨረሻም ገጹ በተመሳቀሉ ረቂቅ ጭረቶች ይሞረዳል፤ ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ።

ተቃራኒው መንገድም አለ። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ሲሊንደሩን ያለ ልባጥ ትተው ፒስተኑን በክሮምየም ይለብጣሉ። እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል የሆነችው የአሜሪካ መኪና ሸቭሮሌት ቬጋ ደግሞ ባለ 17 በመቶ ሲልከን ሲሊንደር ያለ ካሚቻ ተጠቅማ ፒስተኖቿን በብረት ለብጣ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ደንብ ግልጽ ነው፦ ፒስተንና ሲሊንደር ጥንድ ናቸው። ክሮምየም የለበሰ ፒስተን ክሮምየም በለበሰ ሲሊንደር ውስጥ፣ ወይም ያልተለበጠ ፒስተን ባልተለበጠ ሲሊንደር ውስጥ መግባት የለበትም። መለዋወጫ ሲገዛ ልኩ መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ጥንዱ መግጠም አለበት። ይህ ደንብ የፒስተን ቀለበትንም፣ ማለትም ፋሻን፣ ይመለከታል።

በፒስተኑ ቀሚስ ላይ የሚቀባው ጥቁር ወይም ግራጫ ሽፋን ከላይ ካየነው የተለየ ነው። እሱ ግራፋይት ወይም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በሙጫ ተቀላቅሎ የተቀባ፣ ውፍረቱ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ደረቅ ማለስለሻ ነው። አንዳንዱ ፒስተን በቆርቆሮ ማዕድን በስሱ ይለበጣል። እነዚህ ሽፋኖች ሞተሩ አዲስ ሆኖ ሲለማመድና ዘይቱ ለአፍታ ሲሳሳ ይረዳሉ እንጂ፣ የማያቋርጥ ግለትን አይከላከሉም።

ጠባቧ ክፍተት በቁጥር

ከላይ የወሰድነው ባለ 45 ሚሊ ሜትር ፒስተን ከ18 በመቶው ቅይጥ የተሠራ ነው እንበል። ሲቀዘቅዝ 20 ዲግሪ የነበረው ፒስተን በሥራ ላይ 220 ዲግሪ ቢደርስ፣ የስፋቱ ጭማሪ 45 በ0.0000185 በ200 ሲባዛ 0.167 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአሉሚንየም ሲሊንደሩ ደግሞ ከ20 ወደ 150 ዲግሪ ቢሞቅና የመስፋት መጠኑ 21 ቢሆን በ0.123 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የሁለቱ ልዩነት 0.044 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ማለት ፒስተኑ ሲቀዘቅዝ ከሲሊንደሩ ቢያንስ በዚህን ያህል መጥበብ አለበት፤ ለዘይቱ የሚሆነው ቦታ ደግሞ ከዚህ በላይ ይታሰባል። ሲሊንደሩ ከጊዛ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው 0.064 ብቻ ስለሚሆን የሚያስፈልገው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ይበልጥ ነበር፤ ቀዝቃዛው ሞተርም ይንቀጫቀጭ ነበር።

አሁን ፒስተኑ በሆነ ምክንያት ሌላ 60 ዲግሪ ቢጨምር ምን ይሆናል? ተጨማሪው ስፋት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ለዘይት የተተወው ቦታ አለቀ ማለት ነው። የዘይቱ ሽፋን ይሰበራል፤ አሉሚንየሙ በልባጡ ላይ ይላጋል፤ ፒስተኑ ይነክሳል። የቅይጡና የልባጡ ጥራት የሚያተርፉልን ክፍተት የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ይህችን ክፍተት የሚበላው ደግሞ ሙቀት ነው።

ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ሲወረድ

ያን ተጨማሪ ሙቀት ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው የነዳጅ ማነስ፣ ማለትም የድብልቁ መሳሳት ነው። ትርፍ ቤንዚን ሲተን ፒስተኑን ያቀዘቅዛል፤ ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ሲሳሳ ሙቀት ይጨምራል፤ ለዚያ ሙቀት የሚደርሰው ዘይት ደግሞ ያንሳል።

የአየር እፍግታ በባሕር ወለል 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ሲሆን፣ በ2,000 ሜትር 1.007፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ 0.909 ነው። በአምባሰል ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መጋዙ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። ሠራተኛው የካርቡራተሩን የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን ጥቂት ወደ ውስጥ ያዞርና ሞተሩ ጥርት ብሎ እንዲጮህ ያደርገዋል። ይህን በማድረጉ አልተሳሳተም። አደጋው የሚመጣው ያንኑ መጋዝ ብሎኑን ሳይነካ ይዞ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ወርዶ ሲቆርጥ ነው።

በቋሚ ቀዳዳ የሚሠራ ካርቡራተር የሚያሳልፈው የነዳጅ መጠን የሚጨምረው በአየሩ እፍግታ ልክ ሳይሆን በእፍግታው ካሬ ሥር ልክ ነው። ከ3,000 ወደ 2,000 ሜትር ሲወረድ የአየሩ ክብደት በ11 በመቶ ይጨምራል፤ ነዳጁ ግን የሚጨምረው በ5 በመቶ ብቻ ነው። እስከ 1,500 ሜትር ከተወረደ አየሩ በ16፣ ነዳጁ በ8 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩ አየር በማግኘቱ ብርቱ ይሆናል፤ ድምፁም ቀጭንና ደስ የሚያሰኝ ይሆናል፤ ባለቤቱ መጋዙ የተሻለው መስሎት ጭነት ይጨምርበታል። ፒስተኑ ግን እየነደደ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሥራ ቦታው ከፍታ በብዙ መቶ ሜትሮች በተለወጠ ቁጥር በአምራቹ መመሪያ መሠረት ካርቡራተሩን እንደገና መቃኘት ነው። ያለ ጭነት ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ድምፁ በጥቂቱ የሚንተፋተፍ፣ እንጨት ሲነካ ግን የሚጠራ ከሆነ በቂ ነዳጅ አለው። ያለ ጭነትም በቀጭኑ የሚያፏጭ ከሆነ ሳስቷል። ስሙን ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ለሰጠው አምባሰል አገር ሰው ጆሮን ለቅኝት መጠቀም እንግዳ ነገር አይሆንም። ይሁን እንጂ የዙር መለኪያ ያለው በጆሮ ብቻ ባይተማመን ይመረጣል። ድብልቁን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ራሳቸው የሚያስተካክሉ መጋዞችም ዛሬ አሉ።

የነዳጁም ዓይነት ሒሳቡን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ ድብልቁን ያሳሳል፤ ውሃም ይስባል። ኢታኖል ያለበት ነዳጅ በሚገኝበት ስፍራ ሁሉ ካርቡራተሩ ይህን ታሳቢ አድርጎ ይቃኛል፤ ነዳጁም ለወራት አይቀመጥም። ልባጡ ራሱ ነዳጅ የሚመርጥበት ጊዜም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአንዳንድ የቢኤምደብልዩና የጃጓር መኪናዎች የኒካሲል ልባጥ ድኝ በበዛበት ቤንዚን ምክንያት ተበልቶ እንደ ነበር ይታወቃል።

ስለ ዘይት መጠን መመሪያው ያዘዘውን መከተል ነው። ብዙ አምራቾች ለተመደበው ጥራት ያለው የሁለት ምት ዘይት 50 ለ1፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ያዛሉ፤ ደረጃው ዝቅ ላለ ዘይት ደግሞ 25 ለ1፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አልተሠራም፤ ሲቃጠል የሚተወው አመድ በፒስተኑ ራስና በቀለበቱ ጎድጓዳ ላይ ይከማቻል።

የተጎዳ ፒስተን ምን ይናገራል?

ማርሚታው ሲፈታ በጢስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑን ማየት ይቻላል። ጉዳቱ የት እንዳለ ማስተዋል መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል።

በጢስ መውጫው በኩል ብቻ ተቦጭቆ ከሆነ፣ ያ ጎን ከሁሉም የሚግለው ስለሆነ፣ የድብልቅ መሳሳት ወይም የዘይት ማነስ ይጠረጠራል። ዙሪያውን በሙሉ ተቦጭቆ ከሆነ ቤንዚኑ ዘይት አልነበረበትም፣ ወይም የማቀዝቀዣ ክንፎቹ በሰጋቱራ ተደፍነው ሞተሩ በሙሉ ግሏል። በአየር መግቢያው በኩል ደብዛዛና ረቂቅ ጭረቶች ካሉት አቧራ በማጣሪያው አልፎ ገብቷል።

አቧራው በዚህ አካባቢ የዋዛ አይደለም። የአምባሰል ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ገሞራ የተሠሩ የባዝልት ዐለቶች ናቸው። የባዝልት ማዕድናት በሞህስ የጥጥርነት መለኪያ ከ5 እስከ 6 ሲደርሱ አሉሚንየም 3 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በበጋ ወራት መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ ፒስተኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ማጣሪያውን በየዕለቱ ማጽዳት ከማንኛውም ውድ ልባጥ ይልቅ ይጠቅማል።

ሲሊንደሩን ከመጣል በፊት

ፒስተን ከነከሰ በኋላ በሲሊንደሩ ላይ የሚታየው ጭረት ሁልጊዜ ጭረት አይደለም። ብዙ ጊዜ በጠጣሩ ልባጥ ላይ የተላከከ የፒስተኑ አሉሚንየም ነው። ይህን ለመለየት የኬሚስትሪ ትምህርት ያግዘናል። ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አሉሚንየምን እያሟሟ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ኒኬልንና ክሮምየምን ግን አይነካም። 10 ግራም ሶዳ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስም። ከዚያም በእንጨት ጫፍ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ የተላከከው ስፍራ ብቻ ይቀባል። አረፋ ከወጣ አሉሚንየም አለ። አረፋው ሲያበቃና ከሥሩ ለስላሳ ገጽ ሲታይ ልባጡ ደኅና ነው፤ ሲሊንደሩ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ በአዲስ ፒስተን ሊሠራ ይችላል። አረፋው ካላቆመና ገጹ ከጎደጎደ ልባጡ ተልጧል፤ ሶዳው የሲሊንደሩን ሥጋ እየበላ ስለሆነ ወዲያው መታጠብ አለበት፤ ያ ሲሊንደር ከእንግዲህ አያገለግልም።

ይህ ሥራ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ተደርጎ፣ በተናፈሰ ቦታ፣ ከእሳት ርቆ የሚካሄድ ነው። ሶዳው ዓይንን ያሳውራል፤ ጋዙም ተቀጣጣይ ነው። የክሮምየም ልባጥ ባለው ሲሊንደር ላይ በሶዳው ፈንታ የጨው አሲድ መጠቀም አይገባም፤ አሲዱ ክሮምየሙን ራሱን ያሟሟዋልና።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ከጋራዥ የተጣለ ፒስተን ፈልጋችሁ ቀለበቱንና ፒኑን አውጡ። መጀመሪያ በአየር ላይ፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ መዝኑት። በአየር ላይ ያገኛችሁትን ክብደት በሁለቱ ክብደቶች ልዩነት ስታካፍሉ እፍግታውን ታገኛላችሁ፤ ውጤቱ ወደ 2.7 የሚጠጋ ይሆናል። ከዚያም በማይክሮ ሜትር መለኪያ የቀሚሱን ስፋት በክፍል ሙቀትና ከፈላ ውሃ እንደ ወጣ ለኩ፤ የመስፋት መጠኑን አስሉና ቅይጡ ለ12 ወይስ ለ18 በመቶ ሲልከን እንደሚቀርብ ገምቱ። የብረታ ብረት ማይክሮስኮፕ ያለው ቤተ ሙከራ የምትማሩ ደግሞ ቁራጩን አለስልሳችሁ ብታዩት ግራጫዎቹን የሲልከን ቅንጣቶች በዓይናችሁ ታገኛላችሁ።

እንግዲህ «ፒስተኑ ፎርጅድ ነው» ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ልባጥ ጋር ጥንድ ነውን? ካርቡራተሩ የተቃኘው ዛሬ በሚሠራበት ከፍታ ነውን? ዘይቱና ማጣሪያው በደንቡ ናቸውን? ሦስቱም በአዎንታ ከተመለሱና ፒስተኑ አሁንም ከነከሰ ያን ጊዜ ዕቃውን መጠርጠር ተገቢ ነው።